ደብረ ብርሃን ላይ ትልቅ የሪፍ አኳሪየም፦ ከሳሎኑ በፊት ጓዳው ይታሰብ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ደብረ ብርሃን አዲስ አፓርታማ 3ኛ ፎቅ ገብታችኋል፣ ሳሎኑ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ግራጫ ሶፋ፣ አንድ ምንጣፍ፣ ሌላ ምንም የለውም፣ እሱም ሆን ተብሎ ነው። አሁን ባዶው ግድግዳ ስር 2 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሴንቲ ወርድ፣ 70 ሴንቲ ከፍታ ያለው የባህር አኳሪየም ከነኮራሉ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩት የባህር እንስሳት ጋር፣ ሪፍ የሚባለውን ማስቀመጥ ትፈልጊያለሽ፣ ግን አንድ ሽቦ፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ ባልዲ እንኳን እንዳይታይ። ይቻላል ወይ፣ ከምንስ ልጀምር ነው ያልሽው።

ይቻላል። ግን በዛ መጠን 3ኛ ፎቅ ላይ አልመክርሽም፣ 150 በ60 በ50 ብታደርጊው ለቤቱም ለኪስሽም ለአሳዎቹም ይሻላል፣ እንደውም ለአይን ራሱ። ከምን ልጀምር ላልሽው ደግሞ ከመስታወቱ አይደለም፣ ከማይታየው ነገር ነው የሚጀመረው። አኳሪየም መግጠምና መንከባከብ ስራዬ ስለሆነ ሰዎች "እንደዚህ ሲምፕል የሆነ ነገር ነው የምፈልገው" እያሉ ፎቶ ይልኩልኛል፣ ነጭ ክፍል፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ ውሃ፣ በቃ። ፎቶው የማያሳየው ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ክፍል ነው፣ እዛ ውስጥ ቱቦ በቱቦ፣ ሶኬት በሶኬት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎናችን የሚያምረው ጓዳው ሁሉን ስለተሸከመ አይደል፣ ሪፍም እንደዛው ነው፣ ጓዳ የሌለው ሪፍ ሳሎን ላይ ይዘረገፋል።

ጓዳው ውስጥ ምን አለ መሰለሽ። ዋናው ሰምፕ የሚባለው ሁለተኛ ገንዳ ነው፣ ውሃው ከላይ ሞልቶ በቱቦ ወደሱ ይወርዳል፣ እዛ ስኪመር የሚባለው መሳሪያ ቆሻሻውን በአረፋ ያወጣል፣ ውሃውን የሚያሞቁት ሂተሮችም እዛ ናቸው፣ ከዛ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከሰምፑ ጎን የሚተነውን የሚተካ የንጹህ ውሃ ዕቃ አለ፣ ለኮራሉ ካልሲየምና አልካላይን የሚያንጠባጥቡ ጠርሙሶች አሉ፣ የውሃ ማጣሪያ አለ፣ ጨው የሚበጠበጥበት በርሜል፣ የጨው ባልዲ፣ የመመርመሪያ ኪት፣ መረብ፣ ፎጣ፣ መለዋወጫ ፓምፕ። ይሄን ሁሉ ከአኳሪየሙ ስር ያለ ካቢኔት ውስጥ እጨምቀዋለሁ ያለ ሰው ባይሳካለት አይገርመኝም፣ መጀመሪያ ቀን ይገባል፣ ከወር በኋላ ባልዲው ሶፋው ጎን ነው ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ያ ባዶ ግድግዳ ጀርባው ምንድን ነው የሚል ነው። ልብስ ማጠቢያ ወይ ስቶር ወይ መታጠቢያ ቤት ከሆነ ተገላግለሻል፣ የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ለሁለት ለሦስት ቱቦ ይበሳል፣ ሰምፑም በርሜሉም ከግድግዳው ወዲያ ይሆናል፣ ወለሉ ላይም ውሃ መውረጃ ይኖራል። ህንጻውን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው ኮንክሪት) ግን አይነኩም፣ ማንም ባለሙያ ነኝ ባይ "ትንሽ ቀዳዳ ናት" ቢልሽ እንዳትሰሚው። ጀርባው የጎረቤት ቤት ወይ የውጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ከሳሎኑ 60 ሴንቲ ያህል ቆርጠሽ ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ በር ያለው ቁም ሳጥን አሰሪ፣ እጀታ የሌለው፣ ተጭነሽው የሚከፈት፣ ዝግ ሲሆን ግድግዳ ነው የሚመስለው። ባዶ ቦታ ሽጠሽ ባዶነት መግዛት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ክብደቱ። ያልሽው መጠን እስከ አፉ 980 ሊትር ነው። አንድ ሊትር የባህር ውሃ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ለዛ ከፍታ 19 ሚሊ መስታወት ስለሚያስፈልግ መስታወቱ ብቻውን ከ240 ኪሎ በላይ ይመጣል፣ ድንጋዩ፣ ብረት መቆሚያው፣ ከነውሃው ሰምፑ ሲደመር አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ነው፣ ያ ሁሉ 1.4 ካሬ ሜትር ላይ። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ የሚታሰበው የእቃና የሰው ጭነት በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን ነው፣ በቀላሉ 200 ኪሎ በይው። እዚህ ጋ ሰው ሁለት አይነት ስህተት ይሰራል፣ አንዱ "200 ብቻ ከሆነ ይወድቃል" ብሎ ይደነግጣል፣ ሌላው "ሰርግ ስንደግስ 40 ሰው ጨፍሮበት ምንም አልሆነም" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። የንድፉ ቁጥር ለክፍሉ ሙሉ ስፋት ነው፣ 20 ካሬ ሜትር ሳሎን በጠቅላላው 4 ቶን ታስቦለታል ማለት ነው፣ ግን የተሰራጨ 4 ቶን እንጂ አንድ ጥግ የተከመረ አይደለም፣ ሰርገኛው ደግሞ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ አኳሪየሙ አመቱን ሙሉ እዛው ነው፣ ኮንክሪት ዘላቂ ጭነት ስር ቀስ እያለ ይጎብጣል።

ብዙ የኮንዶሚኒየምና የአፓርታማ ወለል ድፍን ኮንክሪት ሳይሆን ቢምና በመሃሉ ክፍት ብሎኬት የተደረደረበት ነው። እንደዛ ከሆነ የቢሞቹ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። አኳሪየሙ ርዝመቱ ከቢሞቹ ጋር ትይዩ ከሆነ አንድ ወይ ሁለት ቢም ነው ሁሉን የሚሸከመው፣ አቋርጧቸው ሲቀመጥ ግን አራት አምስቱ ይካፈሉታል። ከክፍሉ መሃል ይልቅ ዋናው ቢም ወይ ኮለን ያለበት ግድግዳ ጥግ ይሻላል፣ የሳሎን መሃል ላይ ክፍል ከፋይ አድርጎ ማቆም የሚለውን ፋሽን እርሺው። እኔ ያልኩሽ 150 በ60 በ50 ሁሉ ተደምሮ 750 ኪሎ አካባቢ ነው፣ እሱም ቢሆን በካሬ ሲካፈል ከ800 ያልፋል፣ ስለዚህ የህንጻውን ስትራክቸራል ድሮዊንግ ከገነባው ድርጅት ጠይቀሽ ለአንድ ስትራክቸራል ኢንጂነር አሳዪ፣ የሰምፑን ክብደት ከግድግዳው ጀርባ ካደረግሽው ደግሞ ሳሎን ላይ ያለው ይቀንሳል። መሬት ላይ ያለ ቤት ቢሆን ይሄን አንቀጽ በሙሉ ባልጻፍኩት ነበር።

ከክብደቱ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሪፍ ያለው ሰው የሚነግርሽ ምክር ደብረ ብርሃን ላይ ግማሹ አይሰራም፣ ሸዋ ሮቢት ቢሆን ደግሞ ጭራሽ ተገልብጦ ስለማቀዝቀዝ ነበር የምናወራው። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው የሚፈልገው፣ 25 ተኩል አካባቢ ብታቆሚው ጥሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ውርጭ ሲወርድ ውጭው ዜሮ ይነካል፣ ማሞቂያ የሌለው ሳሎን ሌሊት 13 ይሆናል ብለን እናስብ፣ ልዩነቱ 12 ዲግሪ ነው፣ ያ ሙቀት በመስታወቱም በላይኛው ገጽም ሌሊቱን ሙሉ ይወጣል። ሰው የማያስበው ትነቱን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው፣ አየሩ ደረቅ፣ ግፊቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ እናንተ ጋ ትነት ይበረታል፣ የ2 ሜትሩ አኳሪየም በቀን 8 እና 9 ሊትር ቢያተን ለሱ ብቻ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ በመስታወቱ የሚወጣው ሲጨመር በቀን ከ10 በላይ ይደርሳል። ቆጣሪሽ ይናገራል።

ሚኒማሊስት መሆንሽ የሚጠቅምሽ እዚህ ጋ ነው። አኳሪየሙ በአራቱም ጎን መታየት የለበትም፣ ፊቱ ብቻ ይታይ። ጀርባውንና ሁለቱን ጎን 3 ወይ 4 ሴንቲ ፎም ለጥፈሽ ላዩን በነጭ ወይ በጥቁር ፓነል ሸፍኚው፣ ከስሩም ፎም ይግባ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ አንድ መስኮት ነው የሚሆነው፣ ሙቀቱም ይያዛል። ላዩን ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን በግልጽ ፖሊካርቦኔት ክደኚው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይሁን፣ ምክንያቱን ቀጥሎ እነግርሻለሁ። ሂተሩን አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ባለ 300 ዋት አድርጊ፣ ሁለቱም ከውጭ ባለ ቴምፕሬቸር ኮንትሮለር ይታዘዙ። ሂተር ሲበላሽ በጣም መጥፎው ነገር መጥፋቱ አይደለም፣ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው፣ አንዱ 300 ዋት ተጣብቆ ቢቀር ለመንቃት ሰዓት ይሰጥሻል፣ 1000 ዋቱ ግን እስኪነጋ ያበስላቸዋል።

የተነነው ውሃ የት ይሄዳል ብለሽ ጠይቂ። መስኮት በብርድ ምክንያት ዝግ ነው፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ በቀን 5 ሊትር እንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ይለቀቃል፣ ጠዋት መስኮቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከወራት በኋላ ያ ነጭ ግድግዳሽ ከአኳሪየሙ ጀርባና ከሶፋው ጀርባ በግራጫ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ሻጋታ ነው። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ክፍተት ተዪ፣ ጓዳው ውስጥ ወደ ውጭ የምትተነፍስ ትንሽ ፋን አስገጥሚ፣ ቀለሙም የሚታጠብ ይሁን። ካቢኔቱን ከኤምዲኤፍ ወይ ከቺፑድ አታሰሪው፣ እርጥበት ሲነካው እንደሚያብጥ ታውቂያለሽ፣ አፅሙ ከአርኤችኤስ ብረት ተበይዶ አንቲረስት ይቀባ፣ ልባሱ ብቻ ቀጭን ውሃ የሚችል ኮምፔርሳቶ ይሁን። ጨው ያለበት እርጥበት ማጠፊያና ብሎን ይበላል፣ እጀታ የሌለው በር ያልኩሽ ለውበት ብቻ አይደለም።

ክዳኑን ለምን ሙሉ አታድርጊው አልኩ? በኦክስጅን ምክንያት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው 71 በመቶ ገደማ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም አብሮ ይወርዳል። 25 ዲግሪ የሆነ የባህር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊግራም ይይዛል፣ እናንተ ጋ 4.8 አካባቢ ሲደርስ ጠገበ፣ ከዛ በላይ ብትነፊበትም አይጨምርም። አሳዎቹ ደግሞ ከጠረፍ የመጡ ናቸው። መጽሐፍና ቪዲዮ ላይ የምታዪው "ለዚህ ሊትር ይሄን ያህል አሳ" የሚለው ስሌት ሁሉ ለሌላ አገር ነው፣ እኔ በግማሽ ነው የማስበው፣ ውሃው ላይኛው ገጽ ሁልጊዜ እንዲናወጥ ውሃውን የሚያንቀሳቅሱትን ዌቭ ፓምፖች ወደ ላይ አዘንብዬ ነው የምገጥመው፣ ስኪመሩንም ከሚመከረው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ነው የምመርጠው። ከፍታውን ከ70 ወደ 50 ሴንቲ ያወረድኩብሽም በዚህ ምክንያት ነው፣ ጥልቀቱ ሲቀንስ በሊትር የሚደርሰው ገጽ ይበዛል። ክንድሽ ታች እንደሚደርስም አትርሺ፣ 70 ሴንቲ ጥልቀት ውስጥ የወደቀች ኮራል ለማንሳት ብብትሽ ድረስ ነው የምትነከሪው።

ሌላው የቤት ውስጥ አየር ነው። ቡና ሲፈላ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቤቱ በብርዱ ምክንያት ዝግ ነው፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከፍ ይልና ውሃው ውስጥ ገብቶ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ያወርደዋል፣ 8.2 የነበረው 7.8 ይሆናል፣ ኮራሉ አይሞትም ግን አጥንት መስራቱ ይዘገያል። መፍትሄው ርካሽ ነው፣ የስኪመሩን አየር መሳቢያ ቀጭን ቱቦ በመስኮት ጠርዝ ወደ ውጭ ማውጣት። ውጭው ቀዝቃዛ ነው ብለሽ አትስጊ፣ በዛ ቱቦ የሚገባው አየር የሚወስደው ሙቀት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቡናሽንም አትተዪ። የበረሮና የዝንብ ስፕሬይ ግን ከዛ ቤት ይውጣ፣ ሽሪምፕ እሱን አይችልም።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል፣ ስለዚህ "ከጠፋ" ብለን አናቅድም። የ150ው አኳሪየም ከነሰምፑ 480 ሊትር አካባቢ ውሃ ይዞ ፎሙ ካለው በብርድ ሌሊት በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ለሙቀቱ ጥቂት ሰዓት አለሽ፣ ለኦክስጅኑ ግን ያን ያህል የለሽም፣ ውሃው መንቀሳቀስ ካቆመ አሳዎቹ ናቸው ቀድመው የሚታፈኑት። ሂተር በባትሪ ለማንዳት አትሞክሪ፣ ባትሪው በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ባትሪው ለአንድ ባለ 24 ቮልት ዌቭ ፓምፕ ብቻ ይሁን፣ እሷ 15 እና 20 ዋት ናት የምትበላው፣ በጥሩ ባትሪ ሌሊቱን ታድራለች። ለሙቀቱ የመንዝ ባና ወይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ጣል አድርጊበት፣ ላዩን ግን አትሸፍኚው፣ ስቀልድ አይደለም፣ ሱፍ ከመስታወት የተሻለ ሙቀት ይይዛል። መብራቱ ሲመለስ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ ስታብላይዘር ያስፈልጋል፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ሲነካካ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም ለብቻው ለጓዳው ይገጠም፣ ሽቦዎቹ ሁሉ ሶኬት ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ወርደው ይውጡ፣ ውሃ ሽቦ ተከትሎ ሲመጣ እዛው ታች እንዲንጠባጠብ።

ውሃው። ከቧንቧ የሚመጣውን እንዳለ መጠቀም አይቻልም፣ አርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ) ከነዲአዩ (የተረፈውን ማዕድን የሚይዘው ክፍል) ያስፈልጋል፣ ውሃው ውስጥ የቀረውን ማዕድን የሚያሳየው መለኪያ ዜሮ ማሳየት አለበት። ማጣሪያው ሁለት ነገር ይፈልጋል፣ ግፊትና ሙቀት፣ ሁለቱም እናንተ ጋ የሉም። ከሮቶ በስበት የሚወርድ ውሃ ግፊቱ አይበቃውም፣ 4 ባር አካባቢ የሚሰጥ ትንሽ ቡስተር ፓምፕ አብሮት ይገዛ። ሜምብሬኑ አቅሙ የተጻፈው ለ25 ዲግሪ ውሃ ነው፣ በየዲግሪው 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ጠዋት በ12 እና 13 ዲግሪ የሚመጣው ውሃ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛውን ነው የሚሰጥሽ። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ይጥላል፣ የሚጣለው ቆሻሻ አይደለም፣ በጀሪካን ይዘሽ ወለል እጠቢበት፣ ሽንት ቤት ድፊበት። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የሚመጣው ቢያንስ 150 ሊትር የተጣራ ሁልጊዜ በርሜል ውስጥ ይኑርሽ፣ ይሄም ጓዳውን ያሰፋዋል።

ስለ ጨው ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝን ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ፣ የአፍዴራ ጨው አይሆንም። የምግብ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የባህር ውሃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሺየም፣ ሰልፌት፣ ባይካርቦኔት ሁሉ አለበት፣ ኮራል አጥንቱን የሚሰራው ከነዛ ነው። ለሪፍ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ነው የሚገዛው፣ ሬድ ሲ፣ ትሮፒክ ማሪን፣ ኢንስታንት ኦሽን፣ የትኛውም ይሰራል፣ ዋናው አንዱን ይዞ አለመቀያየር ነው። በሊትር 38 ግራም ገደማ ትጨምሪና ጨዋማነቱን በሚለካው ሪፍራክቶሜትር 35 ላይ ታስተካክዪዋለሽ፣ ለመጀመሪያው ሙሌት 18 ኪሎ አካባቢ፣ ከዛ በየሳምንቱ አስር በመቶ ስትቀይሪ ሁለት ኪሎ ባልሞላ። ሲተን ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፣ ስለዚህ የሚተካው በንጹህ ውሃ ነው፣ በጨው ውሃ የተካ ሰው ቀስ በቀስ ሙት ባህርን ሳሎኑ ውስጥ ያገኘዋል። ከጅቡቲ በቦቴ እናስመጣ የሚሉም አሉ። ተዪው፣ በጨለማ ታሽጎ የሚመጣ የባህር ውሃ ውስጥ ያለው ህይወት ሞቶ ይበሰብሳል፣ የወደብ ውሃ ከሆነ ደግሞ ዘይቱም አለ።

አሁን ወደምትወጂው፣ ወደ መልኩ። ጠርዝ የሌለው ባለ 15 ሚሊ መስታወት፣ ፊቱ ብቻ አረንጓዴነቱ የተቀነሰ ጥርት ያለው ይሁን፣ የቀሩት ተራ ቢሆኑም ፓነሉ ይሸፍናቸዋል፣ ገንዘብ ታተርፊያለሽ። ሲሊኮኑ ለአኳሪየም የሚሆን፣ ፀረ ሻጋታ ያልተቀላቀለበት፣ የመስኮት ባለሙያው "ያው ነው" ቢልሽም ያው አይደለም። አሸዋ ወይ አታድርጊበት ወይ ሁለት ሴንቲ ነጭ አራጎናይት (ከካልሲየም የሆነ አሸዋ) ብቻ። ድንጋይ ላይ ነው ሰው የሚያበላሸው፣ እስከ ላይ እንደ ካብ ይደረድረዋል። አንቺ ሁለት ጉብታ ብቻ አድርጊ፣ አንዱ ትልቅ ከመሃል ወደ ግራ፣ አንዱ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በመሃላቸው ሙሉ በሙሉ ባዶ፣ ከኋላና ከጎን መስታወት ቢያንስ አስር ሴንቲ ይራቁ፣ መጥረጊያው እንዲያልፍ። ድንጋዩ ክፍተት የበዛበትና ደረቅ ሆኖ የሚሸጠው ነው፣ እዛው አካባቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከባድና ድፍን ነው፣ ባክቴሪያ የሚኖርበት ቀዳዳ የለውም፣ ክብደት መጨመር ብቻ ነው ትርፉ። ኮራሉ ሲያድግ ባዶውን ይሞላዋልና መጀመሪያ ቀን "አነሰ" ካልመሰለሽ በዝቷል ማለት ነው።

መብራቱ ላይ አንድ ነገር እወቂ፣ ለኮራል የሚጠቅመው ኤልኢዲ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ነጭ ግድግዳሽ ማታ ማታ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠውም ሰው። መብራቱን በነጭ ሳጥን ከጎን ከልዪው፣ ቀኑን ነጭ የበዛበት አድርጊና ሰማያዊውን ማታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተዪው፣ ለስላሳ ኮራልና ትልልቅ ፖሊፕ (የኮራሉ ነጠላ ነጠላ አካል) ላላቸው ከ80 እስከ 150 ፓር (ኮራሉ ጋ የሚደርሰው ብርሃን መለኪያ) ስለሚበቃ ያን ያህል ሃይለኛ መብራት አያስፈልግሽም። ከጣሪያ የምትሰቅዪው ከሆነ ብሎኑ ክፍቱ ብሎኬት ላይ ሳይሆን ቢሙ ላይ ይያዝ። ከመስኮት ፊት ለፊትም አይሁን፣ የእናንተ ጠዋት ፀሐይ ብርዱ ቢኖርም ሃይለኛ ናት፣ መስታወቱን በአልጌ ታለብሰዋለች። ድምጹን በተመለከተ ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ምንጣፍ አንድ ብቻ ነው ያለሽ፣ ስለዚህ ውሃው የሚወርድበት ኦቨርፍሎው ባለ ሦስት ቱቦ ይሁን፣ አንዱ አየር ሳይገባበት ሙሉ ሆኖ የሚወርድ፣ ሁለተኛው ትርፉን የሚቀበል፣ ሦስተኛው አንዱ ሲደፈን የሚያድን። ይሄ አሰራር ጸጥ ይላል፣ ባለ አንድ ቱቦው ግን ሌሊት ሲንጎራጎር ያድራል።

ውስጡ የሚኖረውንም አሳንሺ። ጥቂት አይነት ኮራል ብዙ ብዙ ሆኖ ከአስር አይነት ኮራል አንድ አንድ ይልቅ ለእንደዚህ አይነት ቤት ያምራል፣ እኔ ብሆን ትልቁ ጉብታ ላይ ለስላሳዎቹን ዞዋንቲድና ሌዘር ኮራል፣ ትንሹ ላይ ጠንካራ አጥንት ያለውን ሃመር ኮራል አደርግ ነበር፣ ሁሉም በውሃው ሲወዛወዙ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር እነሱ ብቻ ይሆናሉ። አሳ ጥንድ ክላውን፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ አንድ ኮሌ ታንግ ለአልጌው፣ ትሮከስ ቀንድ አውጣዎች፣ በቃ። ልጆች የሚወዷትን ሰማያዊዋን "ዶሪ" አትግዢ፣ እስከ 30 ሴንቲ የምታድግ ዋናተኛ ናት።

ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ጠንካራ አጥንት ያላቸው ኮራሎች በሙሉ በሳይተስ ስምምነት (ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው) አባሪ 2 ውስጥ ናቸው፣ ከነሱ የተሰራ ህይወት ያለው ድንጋይም (ባክቴሪያና ትንንሽ ፍጥረት እየኖረበት የሚሸጠው) እንዲሁ፣ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት፣ ፈቃዱን የሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሃመር ኮራሉ ወረቀት ይፈልጋል ማለት ነው፣ ዞዋንቲድና ሌዘሩ ግን በዛ ዝርዝር የሉም። ወረቀት የሌለው ኮራል በሻንጣ ላምጣልሽ የሚል ዘመድ ቢኖር በትህትና እምቢ በዪው። ላኪውንም አስጠንቅቂው፣ ባህር ጠረፍ ላይ ጢም ተደርጎ በአየር የተሞላ ከረጢት እናንተ ጋ ሲደርስ አየሩ 40 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከረጢቱ ለስለስ ብሎ ይታሰር። ከቦሌ ስትረከቢ ፎም ሳጥን ውስጥ ሆኖ በቀን ይውጣ፣ ማታ በሸኖ በኩል ያለውን ብርድ ታውቂዋለሽ።

ስለ ጊዜው ብዙ አልልም፣ ውሃው ተሞልቶ ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትሬት መቀየር እስኪጀምር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ከዛ ቀንድ አውጣ፣ ከዛ አሳ፣ ኮራል ከሦስት ወር በኋላ። የሙቀቱ ወጪ ከብዶ ከታየሽ ደግሞ ያንኑ መስታወት ያንኑ ፎም ይዘሽ በ20 ዲግሪ የሚኖር የጨው አልባ ውሃ አኳሪየም መስራት ትችያለሽ፣ ነጭ ክላውድ የሚባሉት ትንንሽ አሳዎች መቶ ሆነው ሲዞሩ ከሪፍ አያንስም፣ እኔ እንደውም ለብዙ ሰው እሱን ነው የምመክረው፣ ሰው ግን ኮራል ካየ በኋላ አይሰማኝም።

መስታወት ከማዘዝሽ በፊት ሦስት ነገር ላኪልኝ። የቢሞቹ አቅጣጫ የሚታይበት የወለሉ ድሮዊንግ፣ የባዶው ግድግዳ ጀርባ ፎቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ተራ ቴርሞሜትር ገዝተሽ ሳሎኑ ውስጥ አኳሪየሙ የሚቆምበት ቦታ ላይ ህዳር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ያሳየውን ቁጥር። 13 ያልኩት ግምት ነው፣ 16 ከሆነ አነስ ያለ ሂተር ይበቃል፣ 10 ከሆነ ስለ መስኮቶቹ መጀመሪያ እናወራለን።